ማህተሙን ሳስረክብ

ማህተሙን በመሐረብ ቋጥሬ፣ ደረቴ ላይ ሸጉጬ፣
ከሾፌሩ ጎን ባጃጅ ላይ በግማሽ ጎኔ ተቀምጬ፣
ወደ ማርቆስ ሄድኩ። ሐሙስ ነበር፤ ያካፋል።
አንድ ከተማ ለካስ በሰው ኪስ ውስጥ ያልፋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት፣ ከብልና ከአይጥ ስጠብቅ፣
የማን ጓሮ ከማን አጥር እንደሚዋሰን ሳውቅ፣
ማን ስንት ግብር እንዳለበት፣ ማን ስንት ክንድ እንደገፋ፣
የትኛው ፋይል በማን እጅ፣ በማን ጉቦ እንደጠፋ።

ፊተኛዋ ማህተም እንጨት ነበረች፤ አንበሳ የተቀረጸባት።
ቀኛዝማች አይነኩሉ ናቸው ከገዛ ወይራቸው ያስፈለጧት።
ከየቤቱ አምስት ብር፣ የሌለው አንድ ዶሮ አዋጥቶ፣
ማዘጋጃ ቤቱ ቆመ፤ ቆርቆሮው በበቅሎ መጥቶ።
ደርግ ሲገባ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ልየው
አንበሳውን በሰንጢ ፋቀው፤ ልጆች ሆነን አየነው።
ጅራቱ ግን እምቢ አለ፤ ከማጭዱ ከመዶሻው ሥር
አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ታተመ በየደረሰኙ ዳር።
ከዚያ የላስቲኳ መጣች። የ«ር» እግር ቶሎ ተበላ፤
«ወይራ በ» እያለች አረጀች፣ ስሟን አንድ ቀን ሳትሞላ።

ደብዳቤው በጥቅምት ደረሰ፤ «ወይራ በር ከማርቆስ ተዋህዳ
ቀበሌ ዜሮ ስምንት ትባላለች» ይላል፤ ለእኛ ዱብ ዕዳ።
በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሚሪንዳና ዳቦ ቀረበ፤
ኃላፊው ስለ አስፋልት፣ ስለ ውኃ፣ ከወረቀት አነበበ።
አልዋሸም። ውኃው መጥቷል። ቧንቧው ይኸው እደጄ፤
ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ሲያንኮራፋ ጀሪካን እሞላለሁ በእጄ።

ወይዘሮ ጠጅቱ ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በጥሩ፣
«ከተማ ከተማን ካገባ፣ ጥሎሹን ማን በላ? ንገሩ!»
ሳቅ ሆነ። ኃላፊው ቀጠለ፤ «ካሳ በካሬ ሜትር ይሰላል።»
«የእኔን ካሳ ዘመቻ በላው፤ እሱስ ስንት ካሬ ይሆናል?»

ሳቁ ቆመ።

ቃለ ጉባኤ የያዝኩ እኔ ነኝ። እጅ የቆጠርኩም እኔው ነኝ።
የወጣው እጅ ብዙ ነው፤ ያልወጣው አሥራ ዘጠኝ።
ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ፤ «ለማሳጠር ያህል» አለኝ፤
«በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝ።
ጽሕፈቴ ያምራል፤ አገር ያውቃል፤ ሁሉም ይመሰክራል።
አሥራ ዘጠኝ ሰው አንዲት «ሙሉ» ውስጥ ይቀበራል።

የመግቢያውን ታፔላ፣ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን፣
አናጢው ምኒችል ነቅሎ ሠራበት የዶሮ ቤቱን።
ማታ ማታ ዶሮዎቹ በክብር ይገባሉ።

ማርቆስ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ልጅቱ ስልኳን ትከሻዋ ላይ ጥዳ
መሳቢያ ሳበች፤ አምስት ከተማ ተኝቷል፣ ባዳ ከባዳ።
«ማስረከቢያው ማህተም የለውም» ብላ ወረቀቴን መለሰች።
ከኋላዬ የቆመች ሴት በትዕግሥት ተነፈሰች።
መሐረቤን ፈታሁ፤ ትንፋሼን ሁለቴ ሰጠኋት፤
የራሷን መሰናበቻ በራሷ አፍ አስፈረምኳት።
«ወይራ በ»
ልጅቱ ሳታነባት ወረወረቻት። መሳቢያው ተዘጋ።

መናኸሪያ ረዳቱ «ወይራ በር! ወይራ በር! የሞላ!» ይላል።
ዜሮ ስምንት ብሎ የጠራ የለም። ታሪፉ ግን ቀንሷል፤
አሥራ አምስት የነበረው አምስት። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ?
አሥር ብሬን በእጄ ይዤ እስክወርድ ድረስ አየዋለሁ።

ወይዘሮ ጠጅቱ አጥራቸው ላይ ተደግፈው ጠበቁኝ።
«ምን ሰጡህ?» አሉኝ።
አውራ ጣቴን አሳየኋቸው፤ እስከ ጥፍሬ ሐምራዊ ሆኗል።
አዩት፤ ቆዩ።
«ታጠበዋ» አሉ፤ «ውኃ መጥቶ የለ?»

ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት።
ሐሙስ ነው።